የዓርቡ በረኛ

እግሬ አንድ ቦታ መርጋት አያውቅም። ጅቡቲ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ጠዋት ካርቲየ አንድ ካለው ቤቴ እወጣለሁ፤ ሻዩን በሁለት ፔርሙስ፣ ዳቦውንና የተቀቀለውን እንቁላል በዘንቢል ይዤ በሚኒባስ የባልባላን ሰፈር አቋርጣለሁ፤ የኢትዮጵያ መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ እወርዳለሁ። አንድ ጥግ ቁጭ ብል ሰው ራሱ ይመጣልኝ ነበር። እኔ ግን ከአንዱ ተሳቢ ጥላ ወደ ሌላው እየዞርኩ ካልሸጥኩ ቀኑ የዋለ አይመስለኝም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ከነዚያ መኪኖች ጀርባ ላይ ከተጻፈው ነው። ሹፌሮቹ «ይሄኛውስ ምን ይላል እማማ?» እያሉ ሲፈትኑኝ ሳላስበው አንባቢ ሆንኩ። አጻጻፌ ቢንገጫገጭ እንግዲህ ከመንገዱ ነው።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከእኛ ሚሊኒየም ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ሞባይል ገና በየሰው ኪስ አልገባም። ከአዲስ አበባ የወረደ ሹፌር ሜዳው ላይ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል። ወደብ መርከብ ሲገባ ተራ አስከባሪው ይመጣና በተራ በተራ ይጠራቸዋል። የተጠራው ገብቶ ማዳበሪያውን ወይም ስንዴውን ይጭንና በዚያው ወደ አገር ቤት ይወጣል። መርከብ ከዘገየ ደግሞ ይጠብቃል። በዚያ ሙቀት ሥራ ፈቶ የሚጠብቅ ወንድ ወይ ይተኛል ወይ ይጣላል። የኛዎቹ ሁለቱንም ሞክረው ሲሰለቻቸው የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ።

ጨዋታው ዓርብ ዓርብ ነው። ጅቡቲ ላይ ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ፣ ፀሐይ በረድ ስትል የየሰፈሩ ቡድን ባልባላ ዳር ያለው አቧራማ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ሌላው ቡድን ተጫዋቹን የሚመርጠው በችሎታ ነው። የኛን የሚመርጥልን ወደቡ ነበር። ዛሬ ጉድ የተባለለት አጥቂ ሐሙስ ተራው ከደረሰ፣ ዓርብ ማዳበሪያውን ጭኖ ዲኪልን አልፏል። ስለዚህ አንድ ዓርብ የተሰለፉት ልጆች በሚቀጥለው ዓርብ እንዳሉ ተሰልፈው አያውቁም።

የማይለወጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በረኛው። በረኛው ደግሞ የልጄ ባል ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ፣ ፈረንሳይኛውንም ሶማልኛውንም እንደ አማርኛው እየተናገረ ያደገ ነው። ሥራው ወደብ አጠገብ ካለ መጋዘን የሚገባና የሚወጣውን ከረጢት መቆጣጠር ነው። መኪና ስለሌለው የትም አይሄድም፤ የትም ስለማይሄድ ዓርብ ሁሌም አለ። «በር ላይ ያቆመው ችሎታው ሳይሆን አድራሻው ነው» ይሉ ነበር ሹፌሮቹ።

ይበሉ። ዓርብ ማታ ከጨዋታ ሲመለስ በካርቲየ አንድ ሱቆች መካከል ሲያልፍ ግን ባለሱቁም፣ ዳቦ ሻጩም፣ ደጅ የተቀመጡት ሽማግሌዎችም «ጋርዲየን» ይሉታል። በፈረንሳይኛ በረኛ ማለታቸው ነው። እሱም አንገቱን ደፋ አድርጎ ፈገግ ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ከከረጢት በቀር የሚያናግረው የለም፤ ዓርብ ማታ መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል። ማሊያውን ለሚስቱ እንኳ አይሰጥም፤ ራሱ አጥቦ ራሱ ያሰጣዋል።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ሆዱ ገፋ አለ። ልጄ ምግብ ላይ እጇ ጥሩ ነው፤ ጥፋቱ ከኛ ቤት መሆኑን አልክድም። አንድ ዓርብ ቀስ ብላ የምትንከባለል ኳስ፣ እኔ እንኳ ዘንቢሌን ይዤ የምደርስባት ኳስ፣ በሁለት እግሮቹ መካከል ሹልክ ብላ ገባች። ተሸነፍን። በማግስቱ ሜዳው ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ።

የቡድኑ መሪ ጎሚስታው ነበር፤ ጎማ እየጠገነ ዕድሜውን እዚያው የፈጀ፣ ከሁሉም በላይ የሚናደድ፣ ከሁሉም በላይ ተስፋ የሚያደርግ ሰው። ዋነኛ ተከራካሪው ደግሞ አንድ የጎጃም ሹፌር ነው፤ አጥቂ ነኝ ባይ።

«ጋሼ፣ ይሄን በረኛ እስከ መቼ ነው የምንሸከመው?» አለ ጎጃሜው።

«ከየት ላምጣልህ? ጎማ መሰለህ፣ ትርፍ አለን?» አለ ጎሚስታው ብሎን እየፈታ።

«እግሩን መዝጋት ያቃተው በረኛ ምን በረኛ ነው።»

«እንዴት ይዝጋው? ሆዱ መቼ እግሩን አሳይቶት።»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ ለካ ከኋላቸው ሻይ እየቀዳሁ ነበር።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉን፤ አላየንዎትም» አለ ጎጃሜው።

«እኔም አልሰማሁም» አልኩት። «ስኳር ስንት ላድርግልህ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻዬ ከወሬው ጋር ነበር የሚጠጣው። መጀመሪያ የወደብ ጫኝና አውራጆቹ ቡድን በረኛ ወደ እኛ ሊዞር ነው ተባለ። እናቱ የድሬዳዋ ናት፤ አማርኛ ይችላል፤ ከቡድኑ ጋር ተኳርፏል። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ሲሟገቱ ቆዩና ሰውየው ራሱ ሻይ ሊጠጣ መጣ። «እኔ? ማነው የነገራችሁ?» አለ። እናቱም የዚሁ አገር ሰው ናቸው። ጎሚስታው ለሳምንት ሰውየውን ቀና ብሎ ማየት አፈረ።

ቀጥሎ የመጣው ወሬ ግን ከላይ ነው የወረደው። መጀመሪያ ያመጣው ስኳር ሊጭን የወረደ አንድ ሹፌር ነው። «ተሳቢ የያዘ አዲስ ሹፌር አለ፤ ወደዚህ እየወረደ ነው፤ ድሮ ናዝሬት ለፋብሪካ ቡድን በር ላይ ይቆም ነበር አሉ» አለ፤ ሻዩን ጨርሶ ሄዶ ተኛ። ይኸው ነው። በማግስቱ የደረሰው ደግሞ ሰውየውን አዋሽ ላይ ምሳ ሲበላ አይቶታል፤ ከቁመቱ የተነሣ ጋቢና ውስጥ የሚገባው ታጥፎ ነው። ቀጥሎ የመጣው ሚሌ ላይ ትርፍ ጎማ በአንድ እጁ ሲያነሣ ሰምቷል። አይቷል ሳይሆን ሰምቷል። ከሱ በኋላ የደረሰው ሰውየው ለብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ እናቱ አልቅሰው እንዳስቀሩት ነገረን። ወሬ ቁልቁለት ይወዳል። ሰውየው ገና በረሃው ላይ ሳለ ወሬው የገላፊን ድንበር አልፎ እኛ ጋ ደርሶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ተደላድሎ ተቀምጧል።

እኔም ከሰው ተራ አልወጣሁም። አዲስ መኪና አቧራውን እያንቦለቦለ ሲገባ ዳቦ ከመሸጤ በፊት «ከኋላችሁ ማን አለ?» እላለሁ። ጎሚስታው ይስቅብኛል። «እማማ፣ እርስዎ ከማን ወገን ነዎት?» ይለኛል። ከማን ወገን እንደሆንኩ እኔም አላውቅም ነበር። የልጄን ባል እወደዋለሁ፤ ያንን ረዥም ሰው ደግሞ ማየት ፈልጌ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።

ማታ እነሱ ቤት ስሄድ አማቼ በቀጥታ አይጠይቀኝም፤ የሚስቱ እናት ነኝ፣ ያከብረኛል። ቆይቶ ቆይቶ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ «እማማ፣ ሻዩ ዛሬ እንዴት ዋለልዎት?» ይላል።

«ደህና ዋለ።»

«ረዥም ነው ይላሉ?»

«ሹፌር ተቀምጦ ነው የሚውለው፤ ቁመቱን ማን ለክቶት» አልኩት።

ልጄ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። የልቡን አወጣ። የሚመጣው ዓርብ ጨዋታችን ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ነበር። እነዚያ ሰዎች ደግሞ በየቀኑ መጋዘኑ ከረጢት ያስገባሉ። ያቺ ኳስ ከገባችበት ቀን ወዲህ በፊቱ ባለፉ ቁጥር፣ ከረጢቱን እንደተሸከሙ ቆም ይሉና እግራቸውን ፈርከክ አድርገው ያሳዩታል። አይሰድቡትም፤ ቃል አይናገሩም፤ እግራቸውን ከፍተው፣ ፈገግ ብለው ያልፋሉ።

«ይሄኛውን ዓርብ ብቻ ብቆም» አለ፤ «ከዚያ ወዲያ እሱ ይቁም። ይሄኛውን ብቻ።»

እራት ቀርቦ ነበር፤ እንደ ሌላው ቀን አልበላም።

ረዥሙ ሰው ረቡዕ ከሰዓት ገባ። መኪናዋ ስትቆም ጨዋታው፣ እንቅልፉ፣ ጫቱ ሁሉ ተቋረጠና ሰው ከበበው። እውነትም ረዥም ነው፤ ወሬው እዚያ ላይ አልዋሸም። ከጋቢናው ሲወርድ መሰላል የሚዘረጋ ይመስል ነበር፤ በመጀመሪያ እግሮቹ፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከቆይታ በኋላ ራሱ። ሁሉም እጁን እጁን ያዩታል። እሱ ግን ግራና ቀኝ አየና «ሻይ አለ?» አለ። እኔ ቀዳሁለት። ድምፁ ቀስ ያለ፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ነው። ዓርብ ኳስ ትጫወታለህ ሲሉት «ካላችሁ» አለ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ችግሩ ተራው ነበር። ያን ዕለት ትልቅ መርከብ ገብቷል፤ ተራ አስከባሪው ከወትሮው በፍጥነት ይጠራል። ድርጅቱ ቀድሞ ተራ ስላስያዘለት ረዥሙ ሰው ሐሙስ ጠዋት መጠራቱ ነው። በዚያ ሜዳ ግን ተራ መቀያየር የተለመደ ነበር። የታመመ፣ መኪናው የተበላሸ፣ ዘመድ የሞተበት ሰው በቃል ብቻ ወደ ኋላ ካለ ሰው ጋር ይለዋወጣል፤ ተራ አስከባሪውም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ስለዚህ ጎሚስታው ረቡዕ ማታ አንዱን ጠራና «ለክለባችን ስትል ተራህን ለረዥሙ ስጠው፤ አንተ በሱ ተራ ጫን» አለው። ሰውየው የኛ ግራ ተከላካይ ነው። ሳያቅማማ ተስማማ፤ ሐሙስ ጠዋት ጥሩንባውን እየነፋ ጭኖ ወጣ።

መርከቡ ግን ማራገፉን አላቆመም። ረዥሙ ሰው የተቀበለው ተራም ሐሙስ ከሰዓት ሊደርስ ሆነ። ይሄኔ ጎጃሜው በራሱ ሄዶ ሌላ ሰው አስለወጠ። ማታ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ሰው፣ ማንም ሳያዘው፣ በፍቅር ብቻ፣ «እኔ ልሂድለት» ብሎ ተለወጠ። ዓርብ ጠዋትም እንዲሁ። እያንዳንዱ የሠራውን ውለታ ለሌላው አልነገረም፤ ክለቡን ለብቻው ያዳነ መስሎታል። ለክለቡ ብሎ ተራውን የሚሰጥ ደግሞ ከክለቡ ሰው በቀር ማን አለ? ይህን ያሰበ አልነበረም። እኔም አላሰብኩም፤ ጥሩንባ እየነፉ በፊቴ ሲያልፉ እጄን እያውለበለብኩ ነው የሸኘኋቸው።

ዓርብ ፀሐይ በረድ ስትል ባልባላ ሜዳ ደረስን። ጎሚስታው ሰዎቹን አሰለፈ፣ አያቸው፣ እንደገና አያቸው።

«ተከላካዮቹስ?» አለ።

«ጭነዋል» አለ ጎጃሜው።

«ማን ማን?»

«ሁሉም ነዋ።»

«ሁሉም? ማነው ሁሉንም የላከ?»

«አንተው ነህ ያስጀመርከን፣ ጋሼ።»

ጎሚስታው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በረኛ አገኘን ብለን ስንፈነድቅ የኋላ መስመራችን በሙሉ ማዳበሪያ ተጭኖ ገላፊን ሊያቋርጥ ነው። ሁለት በረኛ አለን፣ ከፊታቸው የሚቆም አንድ ሰው የለም። ሊያይ የመጣውን አንድ ትራንዚተር፣ የጉምሩክ ወረቀት አስጨራሽ፣ ጫማውን አስወልቀው አስገቡት። አንድ ምግብ ቤት የሚሠራ ሰውም ሽርጡን ፈትቶ ገባ። አሁንም ሰው ይጎድላል፤ ከሁለቱ በረኞች አንዱ ከኋላ መሮጥ አለበት።

አማቼ ማሊያውን በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ነበር የመጣው። ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ አመድ መስሎ፣ «እሱ በር ላይ ይቁም፤ እኔ እሮጣለሁ» አለ። ያቺን ሲል አየሁትና ፔርሙሱን መሬት አስቀመጥኩ።

ረዥሙ ሰው ቁልቁል አየው። «ወንድሜ» አለ፤ «እኔ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። እዚህ ደግሞ አንድ ቦታ ገትራችሁ ልታውሉኝ ነው? እኔ እንኳ ትንሽ መሮጥ ነው ያማረኝ።»

«ሰው ሁሉ ተራውን የሰጠው እኮ በር ላይ እንድትቆምልን ነው» አለ ጎሚስታው፤ ድምፁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ኳስ ትጫወታለህ ነው ያላችሁኝ። የት ትቆማለህ ብሎ የጠየቀኝ አለ?»

አልነበረም። ያ ሁሉ ወሬ ሲወርድ፣ ከባለቤቱ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አማቼ ጋዜጣውን ፈታው።

ጨዋታው ተጀመረ። አምላኬ፣ ልቤ ያን ዕለት የሠራውን ሥራ እግሬ በዕድሜው አልሠራም። ጫኝና አውራጆቹ ገና ሲገቡ አማቼን አይተው እግራቸውን ፈርከክ አደረጉ፤ ደጋፊያቸው በሳቅ ፈረሰ። የኛ ትራንዚተር በካልሲው ይንሸራተታል። ባለ ሽርጡ ኳሱን ሳይሆን ሰው ሰውን ያሳድዳል። ረዥሙ ሰው ግን፣ ያ ወገቡን የሚያመው፣ እንደ ግመል እየተወረወረ በየቦታው ይደርሳል፤ በራሱም በጉልበቱም ያወጣል። ለጎጃሜው አንዲት የማዕዘን ምት መጣችለት፤ ዐይኑን ጨፍኖ ዘለለ፤ ኳሷ ትከሻው ላይ አርፋ ገባች። እስከ ዛሬ «አስቤ ነው» ይላል። ዳር የቆሙት መኪኖች ጥሩንባቸውን ለቀቁት፤ ጆሮዬ ደነቆረ፤ እኔም ለማላውቀው ሰው በነጻ እንቁላል አቀበልኩ።

ከዚያ ወዲያ ጭንቅ ሆነ። ኳሱ ከኛ በር አልርቅ አለ። አማቼ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ አቧራ ይተፋል። አንዷን በደረቱ፣ አንዷን በክርኑ አወጣ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አንዷ ከፍ ብላ አለፈችው። ወጣ ብሎ ነበር፤ በሩ ባዶ ነው። ባዶው በር መስመር ላይ የቆመው ረዥሙ ሰው ነው። ምን ያድርግ? እጁን ዘርግቶ፣ አሳምሮ፣ ቀለባት። ደረቱ ላይ አቀፋት። ወደ መሀል ሜዳ ሊወረውርም ክንዱን አንሥቶ ነበር።

እሱ ኳሷን ቁልቁል አያት፤ በስሕተት የሰው ልጅ ያቀፈ መሰለ። «እጄ ነው» አለ ቀስ ብሎ፤ «ድሮ የለመደው።»

ዳኛው ጣቱን ቀሰረ፤ ፔናልቲ። ረዥሙን ሰው ከሜዳ አስወጣው። መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ለራሱ ያሰራቸው ይመስል።

የሚመታው አንድ ደረተ ሰፊ ነው። በመጋዘኑ ደጃፍ ከሁሉ ቀድሞ እግሩን የሚከፍተው እሱ እንደሆነ አማቼ በኋላ ነግሮኛል። ኳሷን አስቀመጠ። ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት ቀና ብሎ አማቼን አየና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እግሩን ፈርከክ አድርጎ አሳየው። «ዋርያ፣ ጋርዲየን» አለው። ዋርያ ማለት በሶማልኛ አንተ ሰውዬ ማለት ነው። ደጋፊው ሁሉ ሳቀ።

በረኛ ፔናልቲ ሲመታበት ወይ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ እንደሚወድቅ ከዓርብ ዓርብ አይቼ አውቃለሁ። አማቼ አልወደቀም። ሰውየው እየሮጠ ሲመጣ እሱ ሁለት እግሩን አንድ ላይ ገጠመ፤ በቃ፤ ልክ ጸሎት ላይ እንደቆመ ሰው። ኳሷ በቀጥታ፣ ዝቅ ብላ፣ እንደ ጥይት መጣች። እግሩ መሀል ልትገባ። የሚገባበት አልነበረም። ቅልጥሙን መታችና ተመልሳ ሰማይ ወጣች፤ ትራንዚተሩ በካልሲው ጠልዟት ከሜዳው ወጣች።

ከዚያ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። ረዥሙ ሰው ዘንቢሌን ከነዳቦው አንሥቶ ሲያወዛውዝ አስታውሳለሁ። ጎሚስታው ባዶ ጀሪካን ሲደበድብ አስታውሳለሁ። ዳኛው ሲያፏጭ ደረተ ሰፊው መጥቶ የአማቼን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ሳመው፤ ሁለቱም ይስቁ ነበር። ጎጃሜው ብቻ መሟገቱን አልተወም። «አውቆ ነው የዘጋው ወይስ ደንግጦ ነው የደረቀው?» እያለ ከሰው ሰው ይዞራል። እኔ አማቼን ጠይቄው አላውቅም፤ የሚስት እናት እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቅም።

ረዥሙ ሰው በዚያው ምሽት ተራው ደርሶ ጫነ። ያን ሰሞን ወደ ላይ የወጣ ሹፌር ሁሉ ከማዳበሪያው ጋር ያቺን ፔናልቲ ጭኖ ነው የወጣው።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ አማቼ ከመጋዘን ቀደም ብሎ ወጥቶ ሜዳው ላይ ከነጎሚስታው ጋር ሻይ ሲጠጣ፣ አንድ እንግዳ ሹፌር ደረሰ። ሻይ ቀዳሁለት። አንዴ ፉት ብሎ «እዚህ ጅቡቲ አንድ በረኛ አለ አሉ» አለ። «ፔናልቲ በአንድ እጁ ቀልቦ ያስቀረ። የአዲስ አበባ ትልቅ ክለብ ሰው ልኮበታል ብለው ሚሌ ላይ ሲያወሩ ነበር።»

ጎሚስታው ጎማውን መደብደብ አቆመ። ጎጃሜው አፉን ሊከፍት ሲል ጎሚስታው በዐይኑ ያዘው።

«ቁመቱስ?» አለ አማቼ፤ ብርጭቆውን እያየ።

«ረዥም ነው አሉ። ጋቢና የሚገባው ታጥፎ ነው።»

«ሆድስ አለው?» አለ ጎጃሜው።

«የምን ሆድ። ሸንበቆ ነው አሉ እንጂ።»

ማንም አልሳቀም፤ እንዴት እንደቻሉት እግዜር ይወቅ። አማቼ የቀረችውን ሻይ ጨለጣትና ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጋ። ሞላሁለት።

«ይሄዳል ብለህ ታስባለህ?» አለው ለእንግዳው።

«ትልቅ ክለብ ጠርቶት ማን ይቀራል።»

«እኔ ግን አይሄድም እላለሁ» አለ አማቼ፤ «ዓርብ ጨዋታ አለው።»